ፅንሱ ማህፀን ውስጥ ሞቶ ሲቀር፦ አንድ መድኃኒት ወይስ ሁለት?

ከለጋምቦ ወይም ከወግዲ ተነሥታ ደሴ ድረስ ለምርመራ የመጣች የሁለት ወር ተኩል ነፍሰ ጡር አልትራሳውንድ ትነሣለች። ደም አላየችም፤ ሆዷንም አላመማትም። ማቅለሽለሹ ሰሞኑን ቀለል ማለቱን እንዲያውም በደግ ነበር የተረጎመችው። ሐኪሙ ግን መሣሪያውን ደጋግሞ ያንቀሳቅስና የፅንሱ የልብ ምት እንደማይታይ ይነግራታል። ፅንሱ ማደጉን ካቆመ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት አልፈዋል፤ ሰውነቷ ግን ገና እርጉዝ እንደሆነ ነው የሚያውቀው።

ከዚያ በኋላ ሦስት መንገድ አለ። ማህፀን በራሱ ጊዜ እስኪያወጣው መጠበቅ፣ በመድኃኒት ማስወጣት፣ ወይም በእጅ በሚሠራ መምጠጫ (የጤና ባለሙያዎች ኤም.ቪ.ኤ. የሚሉት ነው) ማህፀኑን ማጽዳት። እዚህ በዋናነት የምናየው መካከለኛውን ነው። በብዙ ቦታ «መድኃኒት ይሰጥሻል» ሲባል አንድ መድኃኒት ብቻ ማለት ነው፤ ከፊቱ ሌላ አንዲት ክኒን ብትጨመር ውጤቱ ምን ያህል እንደሚለወጥ የሚነገራት ሴት ጥቂት ናት። ደሴ ሸዋ በር ለምትኖር ሴት ልዩነቱ የአንድ ባጃጅ ሒሳብ ሊሆን ይችላል። ከአቄስታ ማዶ ካለ ቀበሌ ለመጣች ግን ሁለተኛ ጉዞ፣ ሁለተኛ ማደሪያና ሁለተኛ ብድር ነው።

መድኃኒቱ ከመነሣቱ በፊት ምርመራው የማያጠራጥር መሆን አለበት። በተለምዶ የሚሠራበት መለኪያ እንዲህ ነው፦ ርዝመቱ 7 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፅንስ የልብ ምት ከሌለው፣ ወይም የእርግዝናው ከረጢት በአማካይ 25 ሚሊሜትር ደርሶ ውስጡ ፅንስ ካልታየ እርግዝናው እንደተቋረጠ ይቆጠራል። ከዚህ ካነሰ ውሳኔው ይቆይና ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በድጋሚ ይታያል። ይህ ጥንቃቄ በእኛ አገር የበለጠ ያስፈልጋል። የመጨረሻ የወር አበባዋን «የጥምቀት ሰሞን» ወይም «ከአረፋ በፊት ባለው ሳምንት» ብላ የምታስታውስ ሴት እርግዝናዋ ከተገመተው በሁለት ሳምንት ቢያንስ አይገርምም። ያን ጊዜ ያልታየው የልብ ምት ገና ያልጀመረ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ሳምንት ቆይተሽ ተመለሺ» የሚል ሐኪም እያጉላላ አይደለም፤ ሥራውን እየሠራ ነው።

ምክንያቱን በተመለከተም ቤት ውስጥ ብዙ ይባላል። እንስራ ተሸክማ ነው፣ ደንግጣ ነው፣ ምች ነው፣ ዓይን በልቷት ነው። ከታወቁ እርግዝናዎች ከ100 ውስጥ ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ይጨነግፋሉ፤ አብዛኞቹም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ምክንያታቸው ፅንሱ ሲፈጠር የነበረ የክሮሞሶም ስሕተት ነው፤ ማለትም ነገሩ ያለቀው እንስራው ከመነሣቱ ከሳምንታት በፊት ነው። «ሾተላይ» የሚለውም ስም እዚህ ላይ ይነሣል። የጤና ባለሙያዎች ሾተላይ የሚሉት የእናትና የልጅ ደም በአር ኤች (ደም «ፖዘቲቭ» ወይም «ኔጋቲቭ» የሚባልበት ዓይነት ነው) አለመጣጣምን ሲሆን፣ ያ የሚያሰጋው በአብዛኛው ቀጣይ እርግዝናዎችን ነው። በሁለተኛው ወር ለጨነገፈ የመጀመሪያ እርግዝና ማብራሪያ አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የውርጃ እንክብካቤ መመሪያም ከ12 ሳምንት በታች ለሆነ እርግዝና የአር ኤች መከላከያ መርፌ አስፈላጊ እንዳልሆነ ይመክራል፤ ከልማድ የተነሣ አሁንም የሚሰጡ ሐኪሞች ግን አሉ።

አሁን ወደ ክኒኖቹ እንምጣ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሚሶፕሮስቶል ሲሠራ የታሰበው ለማህፀን አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ በ1988 የተፈቀደው የሕመም ማስታገሻ አዘውትረው የሚወስዱ ሰዎችን ከጨጓራ ቁስለት እንዲጠብቅ ነው። ማህፀንን ማኮማተሩ መጀመሪያ እንደ ጎንዮሽ ጉዳት ተቆጠረ፤ ኋላ ግን ዋና ሥራው ሆኖ አረፈ። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደምን ለመከላከል የሚሰጠውም ይኸው መድኃኒት ስለሆነ ብዙ ሴቶች ግራ ይጋባሉ፤ አንዴ ደም ያስፈስሳል፣ አንዴ ደም ያቆማል ይባላልና። የሚሠራው ሥራ በሁለቱም ጊዜ አንድ ነው፤ ማህፀንን መጭመቅ። ውስጡ የቀረ ነገር ካለ መጨመቁ ይገፋዋል፤ ባዶ ከሆነ ደግሞ የተከፈቱትን የደም ሥሮች ይዘጋል።

ሚፌፕሪስቶን በ1980 በአንድ የፈረንሳይ መድኃኒት አምራች ቤተ ሙከራ የተገኘ ሲሆን ሥራው የተለየ ነው። እርግዝናን አጽንቶ የሚያቆየው ሆርሞን ፕሮጄስትሮን ይባላል። ማህፀኑ እንዳይኮማተር ያረጋጋዋል፣ በሩንም አጥብቆ ይዘጋል። ሚፌፕሪስቶን የፕሮጄስትሮንን ቦታ ቀድሞ ይይዝና ሥራ ያስፈታዋል። ያን ጊዜ የማህፀን በር ይለሰልሳል፣ ፅንሱ የተጣበቀበት ሽፋን ይላቀቃል፣ ማህፀኑም ለሚሶፕሮስቶል ያለው ስሜት ይጨምራል። ይህ ሁሉ ግን በአንድ ሰዓት አይሆንም፤ አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን ይፈልጋል። የበልግ ዝናብ ቀድሞ ያራሰውን ማሳና ደረቁን ማሳ በአንድ በሬ ያረሰ ገበሬ ልዩነቱን ያውቀዋል፤ ሚሶፕሮስቶል በሬው ነው፣ ሚፌፕሪስቶን ዝናቡ።

ፅንሱ አስቀድሞ ከሞተ ሆርሞኑን መዝጋት ለምን ያስፈልጋል? ይህን ጥያቄ ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ ሲጠይቁት ኖረዋል፤ ብዙዎችም ሚሶፕሮስቶል ብቻውን ይበቃል ብለው ነበር። ጥያቄውን የመለሱት ሁለት ጥናቶች ናቸው።

የመጀመሪያው በ2018 የታተመው የአሜሪካ ጥናት ነው። ፅንሳቸው ማህፀን ውስጥ ሞቶ የቀረ ወይም ከረጢቱ ባዶ የሆነ 300 ሴቶች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ 200 ሚሊግራም ሚፌፕሪስቶን ውጠው ከአንድ ቀን ገደማ በኋላ 800 ማይክሮግራም ሚሶፕሮስቶል በብልት በኩል ተደረገላቸው፤ ግማሾቹ ሚሶፕሮስቶሉን ብቻ ወሰዱ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲታዩ፣ ሁለቱን ከወሰዱት ከ100 ሴቶች 84 ያህሉ፣ ሚሶፕሮስቶል ብቻ ከወሰዱት ደግሞ 67 ያህሉ ሙሉ በሙሉ ወጥቶላቸዋል። በ30 ቀን ውስጥ መምጠጫ ያስፈለጋቸው ከመጀመሪያዎቹ 9፣ ከሁለተኛዎቹ 24 ያህል ናቸው።

ሁለተኛው በ2020 የወጣው የብሪታንያ ጥናት ሰፋ ይላል፤ 28 ሆስፒታሎች፣ 711 ሴቶች። እዚያ ግማሾቹ ሚፌፕሪስቶን የሚመስል ነገር ግን ምንም የሌለበት ክኒን ስለተሰጣቸው ሴቶቹም ሐኪሞቹም ማን ምን እንደወሰደ አያውቁም ነበር። ሚሶፕሮስቶሉ የተሰጠው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። በሰባት ቀን ውስጥ ከረጢቱ ያልወጣላቸው ሁለቱን ከወሰዱት ከ100 ሴቶች 17፣ ሚሶፕሮስቶል ብቻ ከወሰዱት 24 ናቸው። በመጨረሻ በመሣሪያ መጽዳት የነበረባቸው 17 ለ25 ነው። ወጪውም ሲሰላ የሁለቱ ጥምር ርካሽ ሆኖ ተገኘ፤ ክኒን መጨመር ገንዘብ ቢያስወጣም የቀረው የመሣሪያ ሕክምና ከዚያ ይበልጣልና።

የሁለቱ ጥናቶች ቁጥሮች እኩል አለመሆናቸው ሊያሳስብ አይገባም። የእርግዝናዎቹ ዕድሜ፣ በሁለቱ ክኒኖች መካከል ያለፈው ሰዓት፣ «አልተሳካም» የሚባልበት ቀን ይለያያል። አቅጣጫቸው ግን አንድ ነው። በአሜሪካው ሒሳብ ተጨማሪዋን ክኒን ለሰባት ሴቶች ብንሰጥ አንዷን ከመምጠጫ እናድናለን፤ በብሪታንያው ለአሥራ ሁለት ወይም ለአሥራ ሦስት ሴቶች አንዷን። ይህን ገልብጦ ማንበብም ያስፈልጋል። ከሰባቱ ስድስቱ ክኒኗ ኖረችም አልኖረችም ውጤታቸው ያው ነበር። ስለዚህ ሚሶፕሮስቶል ብቻ የተሰጣት ሴት መጥፎ ሕክምና አገኘች ማለት አይደለም፤ ከአራት ሴቶች ሦስቱ በእሱ ብቻ ይገላገላሉ። ሚፌፕሪስቶን በሌለበት ጤና ጣቢያ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው እሱኑ ነው።

የደም መፍሰስስ? በአሜሪካው ጥናት ደም መሰጠት ያስፈለጋቸው ሁለቱን ከወሰዱት 3 ሴቶች፣ አንዱን ከወሰዱት 1 ሴት ነበሩ። ቁጥሩ ከማነሱ የተነሣ ልዩነቱ የአጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ በብሪታንያውም የከፋ ጉዳት በሁለቱ ወገን አልተለያየም። ግን ደም ባንኩ ያለው ደሴ ሲሆን ሴቲቱ ያለችው ከደላንታ ገደል ማዶ ከሆነ፣ ከ100 አንድ ወይም ሁለት የሚለው ቁጥር እዚያ ሌላ ክብደት አለው። ደሟ አስቀድሞ ያነሰ ሴት መድኃኒት ይዛ ወደ ቤቷ ባትሄድ ይሻላል።

አሁን ብዙ ጊዜ የሚደበላለቅ ነገር አለ። እስካሁን የተባለው ሁሉ ምንም ሳይወጣ ለቀረ ፅንስ ነው። ደም ፈስሷት፣ አብዛኛው ወጥቶ የተወሰነ ቅሪት ብቻ ማህፀን ውስጥ የቀረባት ሴት ሁኔታ ይለያል። በሩ ተከፍቷል፣ የተጣበቀውም ተላቋል፤ ሚፌፕሪስቶን ሊሠራው የነበረው ሥራ በራሱ ተሠርቷል። ለእሷ ሚሶፕሮስቶል ብቻ፣ በአነስተኛ መጠን፣ ይበቃታል፦ 600 ማይክሮግራም በሚዋጥ ወይም 400 ማይክሮግራም ከምላስ ሥር። ውጤቱም ብዙውን ጊዜ ከ100 ከ90 በላይ ነው። ስለዚህ ጎረቤቷ ሁለት ዓይነት ተሰጥቷት ለእሷ አንድ ብቻ ቢሰጣት ተበደልሁ ማለት የለባትም። የአንዷን ትእዛዝ ለሌላዋ ማዋስም አይሠራም።

መምጠጫው እንደ ሽንፈት ነው የሚታየው። እኔ በዚህ አልስማማም። በ2005 የታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ሚሶፕሮስቶልን ከመምጠጫ ጋር ሲያወዳድር በመድኃኒት እስከ ስምንተኛው ቀን ከ100 ሴቶች 84 ሲሳካላቸው በመምጠጫ 97 ተሳክቶላቸዋል። ሥራው ደቂቃዎችን ይወስዳል፤ ሙሉ ማደንዘዣም አይፈልግም፤ ሴቲቱ በዚያው ቀን ትሄዳለች። አልጋ ይዛ፣ ስንቅ ቋጥራ ከሩቅ ለመጣች፣ ቤቷ ከደረሰች በኋላ መኪና ለማታገኝ ሴት ይህ ከክኒን ይልቅ የሚቀል መንገድ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ኮምቦልቻ ለምትኖር፣ እናቷ ወይም እህቷ አጠገቧ ላለች፣ መሣሪያ ለምትፈራ ሴት ሁለቱ ክኒኖች ቤቷ ውስጥ በሯን ዘግታ የምታልፍባቸው ናቸው። መጠበቅም ይቻላል፤ ነገር ግን ምንም ሳይወጣ ለቀረ ፅንስ መጠበቅ ሳምንታት ሊወስድ፣ ደሙም ገበያ መሐል ወይም አውቶቡስ ውስጥ ሊጀምር ይችላል። በኢንፌክሽን በኩል ሦስቱ መንገዶች አይበላለጡም። በብሪታንያ 1,200 ሴቶች የተሳተፉበትና በ2006 የወጣ ጥናት በሦስቱም ከ100 ከ2 እስከ 3 ሴቶች ብቻ ኢንፌክሽን እንደያዛቸው አሳይቷል። እነዚያኑ ሴቶች ተከታትሎ የጠየቀ ጥናት ደግሞ በየትኛውም መንገድ ብታልፍ በአምስት ዓመት ውስጥ ከአምስት አራት ያህሉ ልጅ እንደወለዱ አገኘ። «ማህፀኗን ከነኩት በኋላ አትወልድም» የሚባለው ወሬ በዚህ ፊት አይቆምም።

የሁለቱ መድኃኒቶች ማሸጊያ ሲከፈት ብዙ ጊዜ አንዲት ክኒን ለብቻዋ፣ አራት ደግሞ አንድ ላይ ሆነው ይታያሉ። ብቸኛዋ ሚፌፕሪስቶን ናት። በውኃ ትዋጣለች፤ ከዚያ በኋላ አብዛኛዎቹ ሴቶች ምንም አይሰማቸውም፣ አንዳንዶቹ ትንሽ ደም ያያሉ። አራቱን ባለ 200 ማይክሮግራም ክኒኖች የምትጠቀመው ባለሙያው በነገራት ሰዓትና መንገድ ነው። ያን ቀን ልጅ የሚይዝላት፣ እንጀራ የሚጋግርላት ሰው ያስፈልጋታል። የሕመም ማስታገሻ (ለምሳሌ ኢቡፕሮፌን) ቁርጠቱ ሳይበረታ አስቀድማ ብትወስድ ጥሩ ነው፤ የመድኃኒቱን ሥራ አያከሽፍም። ቁርጠቱና ደሙ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጀምራሉ። ደሙ ከወር አበባ ይበዛል፣ የረጋ ደምም ይኖረዋል፤ ከረጢቱ የሚወጣበት ሰዓት ላይ ይበረታና ከዚያ ይቀንሳል። እያነሰ ሄዶ እስከ ሁለት ሳምንት ጠብ ጠብ ሊል ይችላል።

ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳትም ይመጣል፤ አንዳንዴ ተቅማጥና ማስመለስ። ባቲና ከሚሴ አካባቢ ይህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው። መድኃኒቱ ያመጣው ትኩሳት በሰዓታት ውስጥ ይበርዳል። ከ24 ሰዓት በኋላም 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሆኖ ከቀጠለ ግን ወይ ኢንፌክሽን ነው፣ ወይ እውነትም ወባ፤ በሁለቱም ቢሆን ጤና ጣቢያ መታየት ግድ ነው። በአንድ ሰዓት ሁለት ሞዴስ እየራሰ ለሁለት ተከታታይ ሰዓት ከቀጠለ፣ ራሷን ካዞራት ወይም ከሳተች፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካየች፣ ወይም አራቱን የሚሶፕሮስቶል ክኒኖች ወስዳ በ24 ሰዓት ውስጥ ምንም ደም ካልመጣ እስኪነጋ፣ እስከ ገበያ ቀን፣ ባል እስኪመለስ ተብሎ አይጠበቅም።

ጨርሶ መድኃኒት የማይሰጣቸውም አሉ። ከ100 እርግዝናዎች አንድ ወይም ሁለቱ ከማህፀን ውጭ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቱቦው ውስጥ የሚያርፉ ናቸው፤ እነዚህን ሁለቱም ክኒኖች አያክሙም። ደም መታየቱ «መድኃኒቱ ሠራ» ያሰኝና ቱቦው ሲፈነዳ ሕይወት ያልፋል። አልትራሳውንድ ሳይታይ ከመድኃኒት ቤት መስኮት ክኒን ገዝቶ መሄድ የሚያስፈራው ዋናው በዚህ ነው። በአንድ ጎን የሚበረታ የሆድ ሕመም ወይም የትከሻ ጫፍ ላይ የሚሰማ ሕመም የዚህ ምልክት ሊሆን ይችላል። ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ የምትወስድ ወይም የኩላሊት አናት ዕጢዋ የደከመባት ሴት ሚፌፕሪስቶን አይሰጣትም፤ ደም ማቅጠኛ የምትወስድም በሆስፒታል ክትትል ሥር መሆን አለባት። ማህፀኗ ውስጥ ሉፕ ካለ አስቀድሞ ይወጣል። ኮሶ ወይም ሌላ የአገር መድኃኒት አብሮ መጠጣት ደግሞ ደሙንም ተቅማጡንም ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ያደርገዋል። በጾም ወቅት ለሚሆንባት፣ ክርስቲያንም ሆነች ሙስሊም፣ የታመመ ሰው እንዲጾም አይገደድምና ምግብና ውኃ እንዳትከለክል የንስሐ አባቷን ወይም ሼኋን ማነጋገር ትችላለች።

ሚፌፕሪስቶን ሁለተኛ ረድፍ ላይ የቀረው ስለማይሠራ አይደለም። ስሙ ሆን ተብሎ ከሚደረግ ውርጃ ጋር ስለተያያዘ በብዙ አገሮች ቁጥጥሩ ጠንካራ ነው፤ ልጇን ናፍቃ ያጣች ሴትም የዚያ ጥርጣሬ ተካፋይ ትሆናለች። ማሸጊያው ላይ የሚነበበው፣ የመድኃኒት ባለሙያው የሚያያት አስተያየት፣ አማቷ የምታነሣው ጥያቄ ሁሉ እንደ ተከሳሽ ያስቆማታል። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱን መድኃኒቶች አንድ ላይ መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው በ2005 ነው። መድኃኒቱ የሚያየው ፕሮጄስትሮንን እንጂ የሴቲቱን ሐሳብ አይደለም፤ የሚሰጠውም ሰው እንደዚያው ቢሆን ምንኛ ጥሩ ነበር። ስለዚህ ሐኪሙ «መድኃኒት» ሲላት ሚፌፕሪስቶን አብሮ አለ ወይ ብላ መጠየቅ መብቷ ነው። ከሌለ፣ ሚሶፕሮስቶሉ ካልሠራ ሁለተኛ ዙር የሚሰጠው የት እንደሆነና ሌሊት ደም ቢበዛባት ወዴት እንደምትሄድ ከመነሣቷ በፊት ትጠይቅ።

ስለ አያያዙ በአጭሩ፦ ሚሶፕሮስቶል እርጥበት ያበላሸዋል። ከአልሙኒየም ማሸጊያው ወጥቶ በወረቀት ተጠቅልሎ ቢሰጥ በተለይ ሞቃትና እርጥበት ባለበት ቦታ ኃይሉን ያጣል፤ ከነማሸጊያው ይሁን፣ ቀኑም ይታይ።

ሁሉም ነገር ከወጣ በኋላ በሽንት የሚደረግ የእርግዝና ምርመራ ለሦስትና ለአራት ሳምንት «አለ» ሊል ይችላል፤ ሆርሞኑ ከደም ለመጥፋት ጊዜ ስለሚወስድ ነው። የወር አበባ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይመለሳል፤ እርግዝና ግን ከዚያ በፊት፣ በሁለት ሳምንት እንኳ ሊፈጠር ይችላል። ማርገዝ የማትፈልግ ሴት መርፌም ሆነ ክኒን በዚያው ሰሞን መጀመር ትችላለች። የምትፈልግ ደግሞ ፎሊክ አሲድ በቀን 400 ማይክሮግራም ከአሁኑ ብትጀምር ጥሩ ነው፤ ጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የአይረን ክኒን ብዙውን ጊዜ ፎሊክ አሲዱንም የያዘ ነው።